ፈቃዳችንን ያልጠየቀ ኑሮ

ስለ ድሮ ሰፈር የሚያወጋ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሽታ ይጀምራል፤ ከሚቆላ ቡና፣ ከዕጣን፣ በበዓል ዋዜማ ከሚጎዘጎዝ ቄጠማ። ወጉ ወደ ድብርትና ጭንቀት ሲዞር ደግሞ ከዚያው ትዝታ አንድ ፍርድ ይመዘዛል፦ «ድሮ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም፤ ቡናው ላይ ይወጣ ነበር።» ይህን የሚሉት ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ያን ኑሮ ከወሬ በቀር የማያውቁ ወጣቶችም ይሉታል፤ እንዲያውም እነሱ ሲሉት ይጠነክራል። እኔ አባባሉን እንዳለ አልቀበለውም፣ እንዳለም አልጥለውም። ድሮም ድብርት ነበር፤ እመለስበታለሁ። ቢሆንም የቀድሞው ኑሮ በሐዘንና በጭንቀት ለተያዘ ሰው የሚሠራለት አንድ ከባድ ሥራ ነበረው፤ ያን ሥራ የሠራው የቡናው ሽታና የጨዋታው ማማር አይመስለኝም። የሠራው በትዝታችን ውስጥ ቦታ የነፈግነው ክፍል ነው፦ የዕድሩ ቅጣት፣ የለቅሶው ብድር፣ «ለምን ቀረህ?» የሚለው ወቀሳ፣ ሳይጠሩት በር ገፍቶ የሚገባው ጎረቤት። ትዝታ የሚጣፍጠውን ይዞ የሚጎረብጠውን ይጥላል፤ መድኃኒቱ ግን ከሚጎረብጠው ውስጥ ነበር ብዬ እከራከራለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ከበሽታው ጠባይ መጀመር ይሻላል። ድብርት ሰውን ከማሳዘኑ ይልቅ ፈቃዱን መስለቡ ይከፋል። መነሣት፣ መታጠብ፣ ስልክ ማንሣት፣ ከቤት ወጥቶ ሱቅ መድረስ፣ ጤነኛ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ሁሉ አቀበት ይሆናል። ጭንቀት ደግሞ በሌላ መንገድ እዚያው ያደርሳል፤ ሰው የሚፈራውን ነገር በሸሸ ቁጥር ለጊዜው ይቀለዋል፣ ስለቀለለው ነገም ይሸሻል፣ እየሸሸ ሲሄድ መዋያው ይጠባል። እንግዲህ ለዚህ ሰው በየመጽሔቱና በየቴሌቪዥኑ የሚሰጠው ምክር፦ በእግርህ ሂድ፣ ፀሐይ ሙቅ፣ በጊዜ ተኛ፣ አትክልት ብላ፣ ከወዳጆችህ ጋር ተገናኝ፣ ስልክህን ቀንስ የሚል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐሰት የሚባል የለም። ችግሩ ሁሉም አንድ ነገር አስቀድመው መፈለጋቸው ነው፤ እሱም ፈቃድ ነው፣ በሽታው የወሰደው ያው ፈቃድ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል። ምክሩን ሰምቶ ማድረግ ያቃተው ሰው በድብርቱ ላይ ጥፋተኝነት ይጨምርበታል፤ «መዳኛዬ እጄ ላይ እያለ ሰነፍኩ» ይላል። ስለዚህ ተፈጥሯዊ የሚባሉትን መንገዶች ስንመዝን «ይሠራሉ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «ማን ያስጀምራቸዋል?» የሚለውን መጠየቅ አለብን።

በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሰጡ ጥናቶች አሉ። አሜሪካዊው ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ በጊዜው ስመ ጥር የነበረውን የድብርት የንግግር ሕክምና ነጣጥለው ክፍል በክፍል ፈተኑት። ከክፍሎቹ አንዱ የሐሳብን ጠማማነት ማረም ነበር፤ ሌላው ሰውየው የተወውን የዕለት ተግባር ቀስ በቀስ ማስመለስ። ተግባርን ማስመለስ ብቻውን ከሙሉው ሕክምና ያላነሰ ጠቀመ። ከዚያ በኋላ ይኸው ክፍል ራሱን ችሎ ሕክምና ሆነ፤ በ2016 በእንግሊዝ 440 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሲወጣም፣ በሥነ ልቦና ሕክምና ያልተመረቁ ጀማሪ የጤና ሠራተኞች በዚህ መንገድ ያከሟቸው ሰዎች፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የረቀቀው የንግግር ሕክምና ከተሰጣቸው ባላነሰ ተሻላቸው፤ ወጪውም ቀነሰ። ነገሩ የተወሳሰበ አይደለም። ስሜት እስኪስተካከል አይጠበቅም፤ ቢከብድም ትንሽ ሥራ ተመርጦ፣ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት ይሠራል፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል። ሰዓቱን አብሮ የሚቆርጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንት «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

የአካል እንቅስቃሴም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ብሉመንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 የድብርት ሕሙማን ተካፈሉ። ከፊሎቹ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ፣ ከፊሎቹ በሳምንት 3 ቀን እንቅስቃሴ ሠሩ፣ የቀሩት ሁለቱንም አደረጉ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሦስቱም ወገኖች በተቀራራቢ መጠን ተሻላቸው፤ መድኃኒቱ ፈጥኖ መሥራቱ ግን ታይቷል። ይህ ጥናት «ሩጫ ከክኒን እኩል ነው» እየተባለ ዓለምን ዞሯል። ሲዞር መንገድ ላይ የጠፋ ነገር ቢኖር ሰዎቹ የሠሩት በቡድን፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ እየጠበቃቸው መሆኑ ነው። በ2012 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት 361 የድብርት ሕሙማንን ይዞ ለከፊሎቹ ስለ እንቅስቃሴ የሚመክርና የሚያበረታታ ሰው መደበላቸው፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚሠሩ የሚመርጡት ግን ራሳቸው ነበሩ። ከበፊቱ የበለጠ እንደተንቀሳቀሱ ተናገሩ፤ ድብርታቸው ግን መደበኛ ሕክምና ብቻ ካገኙት ሰዎች የተለየ አልቀነሰም። ከዚህ ተነሥቶ የእንቅስቃሴ ጥቅም ከተወራለት ያነሰ ነው ማለት ይቻላል፤ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅትም በ2013 ባወጣው ግምገማ 39 ጥናቶችን መዝኖ መጠነኛ ጥቅም ቢያገኝ፣ በጥንቃቄ የተሠሩት ብቻ ሲለዩ ጥቅሙ አንሶ ታይቷል። ይህን አልክድም። ነገር ግን እግር ከሄደው ርቀት ሌላ ሰዓት ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው መኖሩም የመድኃኒቱ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። የብሉመንታል ቡድን ራሱ በ2007 ያወጣው ጥናት ይህን ስል እንድጠነቀቅ ያደርገኛል፦ በቡድን ከሠሩት 45 ከመቶው፣ በየቤታቸው ከሠሩት 40 ከመቶው፣ መድኃኒት ከወሰዱት 47 ከመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 31 ከመቶው ድብርቱ ለቀቃቸው። በቡድንና በቤት መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ባዶ ክኒን የወሰዱትም ቀጠሮ ነበራቸው።

ይህን ይዘን በአገራችን ከተሞች ሐዘን እንዴት ይያዝ እንደነበር፣ በብዙ ቦታም ዛሬ ድረስ እንዴት እንደሚያዝ እንመልከት። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስቦ ሄዶ ይነግራል፤ ሰውየው ወሬውን በሰማባት ቅጽበት የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ጡሩንባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይጣዳል። የዕድሩ አባል ቀብር ላይ መገኘት አለበት፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሐዘንተኛው ስለ ምግብ አያስብም፤ እዝን የሚመጣው በተራ ነው። ብቻውንም አያድርም፤ አብረውት የሚያድሩ አሉ። ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ድንኳኑ ይነሣል፤ ሰዉ ግን ባንድ ጊዜ አይበተንም። ለክርስቲያኑ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እየተባለ የመመላለሻ ቀን ተቀምሮለታል፤ ሙስሊሙም በራሱ ሥርዓት ዘመድና ጎረቤት ሰብስቦ ዱዓ ያስደርጋል። ሐዘን የሚከብደው ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ነው፤ የአርባውና የሰማንያው ቀጠሮ ደግሞ የሚወድቀው እዚያው ጭርታ ላይ ነው። ይህን ያቆዩልን ሰዎች ለሟች ነፍስ ብለው እንጂ ለድብርት መከላከያ ብለው አላሰቡትም። ሆኖም ለሟች የተቆረጠው ቀጠሮ ቋሚውን ደግፏል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐዘንተኛው «ሰው ማየት ትፈልጋለህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ቢጠየቅ አልፈልግም ይል ነበር።

ከለቅሶ ውጭ ባለው ኑሮም ያው ነው። ቡና ሲፈላ ልጅ ተልኮ ጎረቤት ይጠራል፤ የተጠራች ሴት ብትቀር ምክንያቷ ይጠየቃል፣ ደጋግማ ብትቀር እንደ ንቀት ይቆጠርባታል። አቦል ጠጥቶ እብስ ማለት ነውር ነው፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ፤ እስከዚያ ድረስ ሰው መሀል መቀመጥ ግድ ነው። ነገ ተራው የእሷ ነውና ቤቷን ጠርጋ፣ ጀበናዋን አጥባ መጠበቅ አለባት። አራሷ ገንፎ እየተገነፋላት፣ ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ ትከርማለች፤ ብቻዋን አትተውም። የጽዋ ማኅበሩ ወር በገባ በዚያው ቀን ይመጣል፣ ተረኛው የግዱን ይደግሳል። የሚወራው ስለ ጤፍ ዋጋ ይሁን ስለ ሰው ትዳር ለውጥ የለውም። የራስን ልብ አውጥቶ መናገር ብርቅ ነበር፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ቡናው ላይ በብዛት የሚወጣው የሌላ ሰው ገመና ነው። ሥራውን የሚሠራው መጥራቱና መጠራቱ፣ ተራውና ብድሩ ነው። ያልታየ ሰው በሁለተኛው ቀን ይታወቃል። ዛሬ በከተማ ብቻውን የሚኖር ሰው ሦስት ቀን ከአልጋው ባይወርድ መጀመሪያ የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ በር አያንኳኳም፣ ደመወዝ ይቆርጣል።

ስለ ምግቡና ስለ ዕፀዋቱ ብዙ ማለት አልፈልግም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ጥሩ ምግብ መሆናቸው አያከራክርም። በአውስትራሊያ የፌሊስ ጃካ ቡድን በ67 የድብርት ሕሙማን ላይ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ጥናት፣ ለ12 ሳምንት አመጋገባቸውን ካስተካከሉት 32 ከመቶው፣ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ደግሞ 8 ከመቶው ድብርቱ እንደለቀቃቸው ገልጿል። ለእኔ ክርክር የማይመች ውጤት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተሳታፊዎቹም የትኛው ወገን እንደደረሳቸው ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ማግኘት ብቻውን ሁሉን ይፈታል ለሚል ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት ግን ያሳስበኛል። በአውሮፓ ለድብርት የሚሸጠው የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ የሚሉት ተክል ቀለል ላለ ድብርት እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይኸው ተክል የአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችንና የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ያዳክማል። ቡናም ቢሆን ጭንቀት ለበረታበት፣ እንቅልፍም ለነሳው ሰው የሚጠቅመው መቀመጫው እንጂ ሦስተኛው ሲኒ አይደለም።

ድሮን እያሞካሸህ ነው የሚለኝ ይኖራል፤ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ድብርት ዘመናዊነት ያመጣው የከተማ በሽታ ነው የሚለውን እምነት የአገራችን ጥናቶች አይደግፉትም። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቡታጅራና በዙሪያዋ ገጠር ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት፣ ቡናና ጉርብትና ባልጎደለበት ማኅበረሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች በብዙ ሰው ላይ እንዳሉ አሳይቷል። አለመቆጠሩን ነው አለመኖር ያስመሰልነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የተከለው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የመላው አገር የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ታሞ ጓዳ የተዘጋበት፣ በእግር ብረት የታሰረ፣ «ለከፈው» ተብሎ የተተወ ሰው ስንት እንደሆነ መዝገብ የለም። ያ ደግ ጉርብትና ራሱ ለሁሉም ደግ አልነበረም። በቡዳ የተጠረጠረ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቆዳ ፋቂ ተብሎ የተናቀ፣ ልጅ አልወልድ ያላት ሴት፣ እነዚህ ቡናው ላይ የሚታሙት እንጂ የሚጠሩት አልነበሩም። ጀበናውን ማጠብ፣ እዝኑን መሸከም፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ማስተናገድ ደግሞ ከሞላ ጎደል የሴቶች ጫና ነበር፤ አሁንም ነው። በዚያው በቡታጅራ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ጭንቀት በተደረገ ጥናት የአራስ ወጉ ያልተሟላላቸው፣ ከሥርዓቱ የተገለሉ እናቶች ሥቃይ ጎልቶ ተሰምቷል። ይህ ወጉ ኃይል እንደነበረው ያሳያል፤ ኃይሉ የተነፈገውን ሰው የሚጎዳ ኃይል መሆኑንም እንዲሁ።

ከዚህ የባሰ ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ብዙም ሲነገር አልሰማም። ያ ሁሉ ድንኳን የሚተከለው ለሞት ብቻ ነው። ሥራ ለጠፋበት ሰው ጡሩንባ አይነፋም። ትዳሯ ለፈረሰ ሴት እዝን የሚያመጣ የለም፤ እንዲያውም ሰው ይሸሻታል። ያለ አንዳች የሚታይ ምክንያት አንድ ጠዋት መነሣት ላቃተው ደግሞ የቀድሞው ኑሮ «ምን ጎደለህ?» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በደቡብ ለንደን ካምበርዌል ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ከባድ የሕይወት መናጋት ሲመጣ ሰውን ለድብርት ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋናውን ለይተዋል፤ እሱም ልብን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ማጣት ነው። ሕዝብ መሀል መቀመጥና ልብ የሚያካፍሉት ሰው ማግኘት አንድ አይደሉም። የእኛ ልማድ የመጀመሪያውን በገፍ ይሰጣል፣ ሁለተኛውን ይቆጥባል፤ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብሎ የጀመሩትን ንግግር ይዘጋል። የንስሐ አባት፣ አብሮ አደግ፣ አክስት ይህን ክፍተት ለአንዳንዱ ሞልተውለታል፤ ለሁሉም ግን አልነበረም። ስለዚህ ግዴታው ይበቃል አላልኩም። ግዴታው ሰውየውን እስከ ደጅ ያወጣዋል፤ ከደጅ ወዲያ ያለው ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

መድኃኒቱስ? ይህን ጽሑፍ አንብቦ ክኒኑን የሚጥል ሰው ካለ ነገሩ ተዛብቶበታል። ብርቱ ድብርት፣ በተለይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ ቡናና ሶምሶማ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ቤት የሚኬድበት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የዱክ ጥናቶችም መድኃኒቱ እንደሚሠራ የሚናገሩ ናቸው። በአገራችን ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በጠበልና በክኒን መካከል ነው፤ መንገዱ ግን ከተጠረገ ቆይቷል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል፤ ለኤችአይቪ የተፈቀደ አብሮነት ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ጠበሉን እንደ እምነት ጉዳይ ለባለ እምነቱ ልተወውና፣ የጠበል ቦታን ውሎ ብቻ ብናይ በማለዳ መነሣት፣ በእግር መውረድና መውጣት፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር መሰለፍ፣ ከአስታማሚ ጋር ማደር አለበት። ለደረቀ ፈቃድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰንሰለቱና መድኃኒት ማስቋረጡ ግን ከዚህ ጥቅም ጋር የግድ ተያይዘው የሚመጡ አይደሉም፤ ይቅሩ ቢባል የሚጓደል ነገር የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ መከራከሪያ ከጫት ቤት የሚመጣው ነው። ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ የቀረ ይጠየቃል፣ ይፈለጋል። ወዳጅ አለ፣ ዕጣን አለ፣ ቡና አለ፣ ከአራስ ቤት የማይተናነስ መደገፊያና ትራስ አለ። በክርክሬ ሚዛን ከተለካ ጫት ቤት ዋነኛ የድብርት ማከሚያ መሆን ነበረበት። ቃሚዎች ራሳቸው የሚያውቁት ግን ሌላ ነው፤ ከምርቃናው በኋላ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ይነጋል፣ ጠዋቱ በድብርት ይከፈታል፣ ለማቆም ሲሞከር ዱካኩ ይመጣል፣ መድኃኒቱም ያው እንደገና መቃም ይሆናል። ጠላ ቤቱና መጠጥ ቤቱም ከዚህ አይለዩም። መልሴ እንዲህ ነው። ግዴታ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ሰውየውን ወዴት እንደሚወስደው ይታያል። ለቅሶው ሰውየውን ወደ ሌላው ሰው ቤት ይወስደዋል፣ ነገ ደግሞ እሱ ለሌላው ተፈላጊ ይሆናል። በርጫው ወደ ነገው በርጫ ይወስደዋል። ይህ ልዩነት ለእኔ በቂ ነው፤ ጉዳዩ ግን ያን ያህል ንጹሕ እንዳልሆነ አምናለሁ።

ያ ግዴታ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በተሻለ የሚታየው ከአገር በወጡ ሰዎች ላይ ነው። በቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ በዕድሜ ዘመናቸው በድብርት ተይዘው የሚያውቁት 9.8 ከመቶ መሆናቸውን አገኘ፤ ለማነጻጸሪያ የቀረበው የኦንታሪዮ ነዋሪዎች ቁጥር 7.3፣ በአገር ቤት የተገኘው ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበር። የአገር ቤቱ ቁጥር ያነሰው በከፊል ሰዉ ሕመሙን ስለማይናገር ሊሆን ይችላል፤ ለስደት ያስገደደው መከራም በራሱ ያሳምማል። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ ለጉርብትና መጥፋት አልሰጥም። ሆኖም ስደተኛው ራሱ የቱን ነገር ቀድሞ እንደተከለ ማየት ያስተምራል፦ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላይ ዕድር ተቋቁሟል፣ መርዶ ሲመጣ ዛሬም ወዳጅ ተጠራርቶ ሳይሰበሰብ ስልክ አይደወልም። ይህን መትከል ያልቻለችው በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ናት፤ የዕረፍት ቀን ካልተሰጣት፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ከሆነ፣ የሚጠራትም የምትጠራውም የለም። አገር ውስጥም ቢሆን ከልደታና ከአራት ኪሎ የቀበሌ ቤቶች ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የራሱ መጸዳጃና ቧንቧ አግኝቷል፤ ያን የሚንቅ ሰው በቀበሌ ቤት ያልኖረ ነው። የጋራ ድግስ ማብሰያና የእርድ ቤትም ለብሎኮቹ ተሠርቶላቸዋል። አብሮት ያልመጣው «ለምን ቀረህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ነው፤ አንዱ ልደታ የነበረ፣ ሌላው ካዛንቺስ፣ ማንም የማንም ባለዕዳ አይደለም።

ይህን መልሶ መሥራት ይቻላል ወይስ ትዝታ ሆኖ ይቀራል? ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጣው ማስረጃ ይቻላል ይላል። በደቡብ ዩጋንዳ ማሳካና ራካይ 30 መንደሮች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ድብርት ያለባቸውን ሰዎች በየመንደራቸው በሳምንት አንድ ቀን ለ16 ሳምንት በቡድን አሰባሰበ፤ ቡድኑን የሚመሩት አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ያካባቢው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ የብርቱ ድብርት መመዘኛን ያሟሉት ከቡድኑ ተካፋዮች 6.5 ከመቶው፣ ካልተካፈሉት 54.7 ከመቶው ሆኑ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ሕሙማን እየመጡ ችግራቸውን ያካፍሏቸዋል፣ አንዱን ችግር መርጠው አብረው መውጫ ይፈልጉለታል። በ2016 የታተመው 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርቱ ምልክት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። አያቶቹ በእኛ ለቅሶ ቤት የማይገኘውን ነገር ይሰጣሉ፤ ያለ ሬሳ መጥቶ ማልቀስ ይቻላል።

እኛ ዘንድ አያቶቹን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕድር አለ። ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል ሰው የኤችአይቪን ዘመን ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ በየሳምንቱ መቅበር የሰለቻቸው ዕድሮች በሕይወት ያለውን ሕመምተኛ ወደ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች ወደ መርዳት ገቡ። ያኔ የተቻለው ዛሬ ለድብርት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ነው፦ ከወርሃዊው ስብሰባና ከቀብር በተከታታይ የቀረ አባል መቀጫው ከመቆረጡ በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቀው የሚል። አንቀጹ ብዙ ጣጣ ያመጣል። የሚሄዱት ሰዎች ያዩትን ቡና ላይ እንዳያወጡት ምን ያስራቸዋል? «አይዞህ» ብሎ ከመውጣት አልፈው ዝም ብሎ ማዳመጥን ማን ያስተምራቸዋል? ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያገናኛቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት ወይስ ሌላ ሰው? ወጣቱስ፣ በወር መዋጮ ከፍሎ ለሰው ቀብር መሰለፍን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያየው፣ እንዴት ይገባበታል? በማለዳ መስቀል አደባባይ በቡድን የሚሮጡትን ላየ ሰው ግን ይኸው ወጣት ቀጠሮ የሚጠላ አይደለም፤ አርፍዶ ለመጣ ጓደኛው ቅጣት ሲጥልም ይታያል። የአንቀጹን ዝርዝር የሚያውቁት የዕድሮቹ ዳኞችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ በስማቸው ትይዩ «ቀሪ» ተብሎ ደጋግሞ የተጻፈባቸውን አባላት ዝርዝር አስቀድመው ይዘዋል። እስካሁን ያ መዝገብ ያገለገለው መቀጫ ለማስላት ነው።